በሰሜን ሸዋ ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚደግፍ ቡድን እንዴት ይገኛል? ከሌለስ እንዴት ይጀመራል?

ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ የሚደርሰን ጥያቄ ያው አንድ ነው፦ «መጠጥ ላቆም ቆርጫለሁ፤ ብቻዬን ግን አልቻልኩም። እንደኔ ያሉ ሰዎች የሚገናኙበት ቦታ አለ?» አንዳንዴ ጠያቂዋ እናት ናት፤ አንዳንዴ ሚስት። ጥያቄው አልቆም ስላለ መልሱን ከነአካሄዱ እዚህ አስቀምጠነዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። እንዲህ ያለ ቡድን ደጃፉ ላይ ታፔላ አይሰቅልም። አባላቱ ስማቸው እንዲነሳ አይፈልጉም። ስለዚህ ቡድኑ የሚገኘው ሰው በሰው ነው፤ ትክክለኛውን ሰው ትክክለኛውን ጥያቄ በመጠየቅ። ፍለጋው ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢወስድ ተስፋ አይቁረጡ።

መጠጡን ዛሬውኑ ከማቋረጥዎ በፊት ይህን ያንብቡ

በየቀኑ የሚጠጡ ከሆነ፣ በተለይም ጠዋት እጅዎ የሚንቀጠቀጥና አረቄ ሲቀምሱ የሚረጋልዎ ከሆነ፣ በአንድ ቀን ቆርጦ ማቆም ሕይወትዎን ሊያሳጣዎ ይችላል። በአልኮል ሲደነዝዝ የኖረ አእምሮ መጠጡ በድንገት ሲቀር ከልክ በላይ ይነቃል። የመጨረሻውን መለኪያ ከጠጡ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ቦታን መሳት፣ ከባድ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ካልታከመ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለብዎ ከቡድን በፊት ሆስፒታል ይቅደም፦ ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ያንዘፈዘፈዎ ከሆነ፣ የሚጥል በሽታ ካለብዎ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሆድዎ ውኃ ከቋጠረ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ። ድንገት ከተነሳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከከተማ ራቅ ብለው ያሉ ደግሞ የወረዳቸውን አምቡላንስ ቁጥር ከጤና ጣቢያ ወስደው ከወዲሁ ስልካቸው ላይ ይያዙ፤ ሰው ሲንዘፈዘፍ ቁጥር የሚፈለግበት ጊዜ የለም።

ሕክምናው የታወቀ ነው። ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ የሚሰጥ ማረጋጊያ መድኃኒት (ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም) እና ቫይታሚን ቢ1 ወይም ታያሚን ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰውየው ሲዳከም ቤተሰብ ወደ ቅርብ ክሊኒክ ወስዶ «ግሉኮስ ስቀሉለት» ይላል። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ታያሚኑ ያለቀበት ሊሆን ይችላል፤ ታያሚን ሳይሰጠው ግሉኮስ ብቻ ቢገባለት አእምሮው ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ሳይጠይቃችሁ «በየቀኑ አረቄ ይጠጣል» ብላችሁ ንገሩ። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕክምናውን ትቀይራለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኪስ የምትገባ ደብተርና እስክሪብቶ
- መታወቂያ፣ ካለዎ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር (የዚህ ዓመት ክፍያ የተከፈለበት)
- የሚወስዱት መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው
- ካርድ የተሞላ ስልክ
- አብሮዎ የሚሄድ፣ የማይጠጣ አንድ ሰው
- ለ4 ሳምንት የሚበቃ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ ለብቻው የተቀመጠ። ከመጠጥ ገንዘብ ጋር አንድ ኪስ ከገባ ሌላ ቦታ ይውላል።

ደረጃ 1፦ ለ7 ቀን የጠጡትን ይጻፉ

ምን ጠጡ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር። «ትንሽ ትንሽ ነው የምጠጣው» የሚለው መልስ ለባለሙያው ምንም አይነግረውም፤ ምክንያቱም ጠላ፣ ፊልተር፣ ጠጅና ዳገም አረቄ ጥንካሬያቸው ሰማይና ምድር ነው። ለምሳሌ ጥንካሬው 40 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር አረቄ ብንወስድ፣ ውስጡ ያለው አልኮል 5 በመቶ ከሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 12 ጠርሙስ ጋር ይመጣጠናል። ቢራ ቤት 12 ጠርሙስ የደረደረ ሰው ያስደነግጣል፤ ግማሽ ሊትር አረቄ የጨረሰ ግን «ዛሬ ቀነስኩ» ይላል።

ሰዓቱን መጻፍ ሌላ ጥቅም አለው። አብዛኛውን ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ የሚጠጡ ከሆነ የሚፈልጉት ቡድን በዚያ ሰዓት የሚሰበሰብ ነው። ሰባቱን ቀን ለማቆም አይጨነቁ፤ እንደወትሮው እየኖሩ ይጻፉ። አደጋ ካለብዎ ግን ሰባት ቀን አይጠብቁ።

ደረጃ 2፦ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የሚጠይቁትንም አስቀድመው ይወቁ

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ፤ ከተቻለ ሳይጠጡ፤ ማለዳ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ ያንኑ ይናገሩ። ካርድ ሲያወጡ «ራስ ምታት» ብለው አይመዝገቡ። ለራስ ምታት የሚሰጠውን ተቀብለው ይመለሳሉ፤ ቀኑም ይቃጠላል። «ስለ መጠጥ ነው የመጣሁት፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ ወይም የሳይካትሪ ነርስ አለ?» ይበሉ። ሰው ፊት መናገር ከከበደዎ ደብተርዎ ላይ ጽፈው ያሳዩ።

ባለሙያው ስለ አጠጣጥዎ 10 ጥያቄዎች ሊጠይቅዎ ይችላል። ነጥቡ ከ40 ይታሰባል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መጠጡ እየጎዳ መሆኑን ያሳያል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሱስ መኖሩ በጥልቀት መታየት አለበት ማለት ነው። በእውነት ይመልሱ፤ ነጥቡ ወዴት እንደሚላኩ ይወስናል።

ከዚያ እነዚህን አራት ጥያቄዎች በራስዎ አፍ ይጠይቁ፦

1. እዚህ ወይም በአቅራቢያ ለመጠጥ የቡድን ምክር አለ? በየስንት ቀኑ?
2. ከሌለ፣ መጠጥ ያቆመና ከሌላ ሰው ጋር ለመነጋገር የሚፈቅድ ታካሚ ያውቃሉ? ስልኬን ይስጡልኝና እሱ ይደውልልኝ።
3. ሪፈር ይጻፍልኝ፤ የት ነው የምላከው?
4. ሳቆም መድኃኒት ያስፈልገኛል?

ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ባለሙያው የሌላ ታካሚ ስልክ ሊሰጥዎ አይችልም፤ ምስጢር ነው። የእርስዎን ቁጥር ለዚያ ሰው ማድረስ ግን ይችላል። ብዙ ጊዜ በሩ የሚከፈተው በዚህ በኩል ነው።

ከላይ የጻፍነው አደጋ ከሌለብዎ በቀር ሪፈሩን ሳይዙ ወደ ደብረ ብርሃን ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አይሂዱ። የጤና መድን የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ሲጀመር ነው፤ ያለ ሪፈር የሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ጉዳዩ ከከበደና ከዞኑ በላይ ከሆነ የሚላኩት አዲስ አበባ ነው፤ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከሚቀበሉት አንዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ቀጠሮውን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ከመንዝና ከመርሐ ቤቴ የሚነሳ ግን ማደሪያ ያስብ።

ደረጃ 3፦ ሌሎቹን በሮች ያንኳኩ

ጤና ጣቢያው «የለም» ቢል ፍለጋው አላለቀም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢያንስ ሦስቱን ይሞክሩ።

የንስሐ አባትዎ። አንድ አባት የብዙ ቤት ችግር ያውቃሉ። «አባቴ፣ መጠጥ የተዉ ልጆች ካሉዎት አገናኙኝ» ይበሏቸው። በደፈናው «ጸልዩልኝ» ብለው ከተመለሱ ጸሎቱን ያገኛሉ፤ ሰውየውን ግን አያገኙም። ሰንበት ትምህርት ቤትና ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለወጣቶች የምክር መርሐ ግብር ይኖራቸው እንደሆነ ይጠይቁ። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ ያሉ ሙስሊም ወገኖች ኢማማቸውን ያናግሩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ። ቤት ለቤት ስለምትዞር ማን እንዳቆመ፣ ማን እየታገለ እንደሆነ ታውቃለች። ጤና ጣቢያ የጠየቁትን ሁለተኛውን ጥያቄ እሷንም ይጠይቁ፦ «ስልኬን አድርሺልኝ።»

የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆኑ የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ክፍል። ፋብሪካ የሚሠሩ ከሆነ የድርጅቱ ክሊኒክ ነርስ። የቅርብ አለቃዎን ግን በዚህ ደረጃ ባያስገቡ ይሻላል፤ ማስረጃ ሲያስፈልግዎ የሐኪም ወረቀት ይበቃል።

ጸበል። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ጻድቃኔ ማርያምን ወይም ሸንኮራ ዮሐንስን ነው። ሱስ ለማቆም የመጣ ሰው እዚያ አይጠፋም፤ ከአንድ ወረዳ የመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ተዋውቀው ሲመለሱ አብረው ቢቀጥሉ ቡድን ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ስልክ ይቀያየሩ፤ «እንገናኝ» ብቻ ብለው ሳይሆን ቀንና ሰዓት ቆርጠው። ነገር ግን አስቀድመን የጻፍነው የ4 ቀን አደጋ ጸበል ቦታም ይመጣል፤ መጠጡ የቆመው በዚያው ቀን ነውና። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ከመሄዱ በፊት ይታይ፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ በባዶ ሆድ የሚቆይበትን ሰዓት ለአባቶች ነግሮ ያሳጥር። ሲንዘፈዘፍ ወይም ሲቃዥ ቢታይ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይወሰድ። ጸበሉና መድኃኒቱ አይጣሉም።

ደረጃ 4፦ በስልክ የሚገኘውን ይሞክሩ

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተጀመረው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ (በአጭሩ ኤኤ)፣ መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ማኅበር፣ በብዙ አገሮች ውስጥ ስብሰባ አለው፤ በኢንተርኔትም በየሰዓቱ ማለት ይቻላል ይሰበሰባል። ክፍያ የለውም፤ ስም አይጠየቅም፤ ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባለው መተግበሪያው በአቅራቢያ ያለውንና በኢንተርኔት የሚካሄደውን ስብሰባ ያሳያል። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቋንቋው ለማይከብደው ሰው ይሆናል። ካሜራ መክፈት ግዴታ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጊዜ ዝም ብለው ቢያዳምጡ ማንም አይጠይቅዎትም። ቪዲዮ ካርድ ስለሚበላ በድምፅ ብቻ ይግቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ በቴሌግራምና በፌስቡክ «በ3 ቀን መጠጥ የሚያስጠላ» ብለው ዱቄት ወይም ኪኒን የሚሸጡ አሉ። ሚስት ወይም እናት በድብቅ ወጥ ውስጥ እንድትጨምር ይነገራታል። ይህ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ነው። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ሰውን የሚያሳምም ትክክለኛ መድኃኒት (ዳይሰልፊራም) አለ፤ እሱንም ሐኪም የሚያዘው ሰውየው አውቆና ተስማምቶ ነው። በድብቅ ተሰጥቶት በላዩ ላይ አረቄ ቢጠጣበት የደም ግፊቱ ወርዶ ልቡ ሊቆም ይችላል።

ደረጃ 5፦ ያገኙትን ቡድን ይመዝኑ

አንድ ጊዜ ገብተው አይወስኑ፤ ሦስት ጊዜ ይሂዱ። በመጀመሪያው ቀን ማንም ሰው ለሁሉም ሰው እንግዳ ነው፤ አንደበትም ይተሳሰራል። ጥሩ ቡድን የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ የተነገረው ከዚያ አይወጣም፤ ይህም በየስብሰባው መጀመሪያ ላይ ይነገራል። ሰው ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ያገረሸበት ሰው አይሰደብም። ገንዘብ ካለ ለቡናና ለስኳር የሚዋጣ ብቻ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ጣለው» አይባልም።

እነዚህን ካዩ ይውጡ፦ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ፎቶ ወይም ቪዲዮ ማንሳት፣ ምስክርነት በግድ ማስነገር፣ ሐኪም ማስከልከል፣ ስብሰባውን ሆቴል ወይም ግሮሰሪ ውስጥ ማድረግ።

ሴቶች ለብቻቸው የሚሰበሰቡበትን ይጠይቁ። የምትጠጣ ሴት ላይ የሚወርደው ወሬ ወንዱ ላይ ከሚወርደው ይከብዳል፤ ወንዶች የበዙበት ቡድን ውስጥ እውነቱን መናገር ስለማይቻላት ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትቀራለች። ከሌለ ሴት ነርስ ጋር ለብቻ ቀጠሮ ይያዝላት፤ ሁለት ሴት ሲገኝ የቡና ሰዓት ይበቃል።

ርቀቱንም ያስሉ። ደርሶ መልሱ ከ3 ሰዓት በላይ የሚወስድ ቡድን በየሳምንቱ አይዘለቅም። ከገጠር ለሚመጣ መፍትሔው ስብሰባውን ከገበያ ቀን ጋር ማያያዝ ነው፤ እግሩም ትራንስፖርቱም በዚያ ቀን አለ። ግን ከገበያው በፊት ይሁን፤ ከገበያ በኋላ ጠላ ቤቱ መንገድ ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ቡድን ከሌለ ሦስት ሆነው ይጀምሩ

ሦስት ሰው ይበቃል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ሲቀር ቡድኑ ይፈርሳል፤ ሦስት ሲሆኑ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። ከ12 በላይ ከሆኑ ደግሞ ለሁሉም የሚናገርበት ጊዜ ስለማይደርስ ለሁለት ይከፈሉ።

ቦታ፦ የጤና ጣቢያው ክፍል ከተፈቀደ እሱ ይሻላል፤ ሰው ሲገባ ቢታይ «ለሕክምና ነው» ይባላል። አለበለዚያ እሑድ የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የእድር ቤት። የእድሩን ዳኛ ሲያስፈቅዱ «ለመጠጥ» ማለት ካልፈለጉ «ለጤና ምክር» በቂ ነው፤ ውሸት አይደለም።

ሰዓት፦ የመጠጫችሁ ሰዓት ይሁን። ማታ 12 ሰዓት ላይ አረቄ ቤት የሚገባ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ተሰብስቦ ቢመለስ ማታው ባዶውን ይጠብቀዋል።

አካሄዱ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ነው። ቡና ይፈላ፣ ቆሎ ይቅረብ፤ የጠጪ እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ሲኒ ጥሩ ማስያዣ ነው። የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ሕጉ ይነበብ። ከዚያ በየተራ እያንዳንዱ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይናገር፦ ካቆምኩ ስንት ቀኔ ነው፣ በዚህ ሳምንት የቱ ሰዓት ከበደኝ፣ ምን አደረግሁ። «ዘጠኝ ቀኔ ነው። ሐሙስ የተዝካር ቤት ከበደኝ፤ ሳይቀዳ ወጣሁ» ካለ ይበቃል። ምክር የሚሰጠው ሲጠየቅ ብቻ ነው፤ ጠጪ ምክር ሰልችቶታል። በመጨረሻው 10 ደቂቃ በሚቀጥለው ሳምንት የሚመጣውን ድግስ፣ ማኅበር፣ ዓመት በዓል ይቁጠሩና ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደሚደውል ይመደብ። ሰብሳቢው በየወሩ ይቀየር፤ አንድ ሰው ከያዘው እሱ ያገረሸበት ቀን ቡድኑም ይበተናል።

ጠጥቶ የመጣ ሰው አይባረር፤ በዚያ ቀን ግን አይናገር፤ አንድ ሰው ቤቱ ያድርሰው፤ በማግስቱ ይደወልለት። ደብተር ላይ ስም አይጻፍ፤ ቀንና የሰው ብዛት ብቻ ይያዝ። በየወሩ አንድ ጊዜ ነርሷን ወይም የጤና ባለሙያውን ይጋብዙ፤ ከቡድኑ አቅም በላይ የሆነውን ሰው የሚለዩት እነሱ ናቸው።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

«አረቄ ትቻለሁ፣ ጠላ ብቻ ነው።» ይህ ከሁሉም ይበዛል። ሱስ የያዘው ሰውነት የሚቆጥረው አልኮሉን እንጂ ስሙን አይደለም፤ ጠላው በሳምንት ውስጥ ወደ ፊልተር፣ ፊልተሩ ወደ አረቄ ይመልሳል።

ማኅበርና ሰንበቴ ላይ ሳይዘጋጁ መሄድ። «አልጠጣም» ብቻ ያለ ሰው «በሞቴ» ሲባል ይረታል። «ኪኒን ጀምሬያለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉ፤ ዋንጫው ከመዞሩ በፊት ውኃ ወይም ለስላሳ ይያዙ፤ ጸሎቱ እንዳለቀ ይውጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ቢቀሩም ማኅበሩ አይፈርስም። ተራዎ ከደረሰ ጠላውን ሌላ ቤት አስጠምቀው በዕለቱ ያስመጡ።

ቤት ውስጥ አረቄ የሚወጣ ከሆነ ዝም ማለት። በደብረ ብርሃን አካባቢ ብዙ እናቶች ልጅ የሚያሳድጉት በአረቄ ነው፤ «ተዪው» ማለት እንጀራ መንጠቅ ይሆናል። የሚቻለውን ያድርጉ፦ የሚያቆመው ሰው አይቅዳ፣ ቀምሶ አይይ፣ ጀሪካኑ ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ፣ ሲወጣ በሚውልበት ቀን እሱ ከቤት ይራቅ። ይህን ከቤተሰብ ጋር ለመነጋገር የቡድኑን አንድ ሰው ወይም የንስሐ አባትን ይዞ መግባት ይቀላል።

ቤተሰብ ቡድኑ ውስጥ አብሮ መቀመጥ። ሚስቱ ፊት ሰው እውነቱን አይናገርም። ቤተሰብ በወር አንድ ቀን ለብቻ ይሰብሰብ።

አንድ ጊዜ ስላገረሸ መቅረት። ያገረሸበት ሰው ሐፍረቱ ከስብሰባው ያስቀረዋል፤ የሚቀርበት ሳምንት ደግሞ ይበልጥ የሚጠጣበት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሰው ጋር ተስማሙ፦ «ብጠጣ በማግስቱ እስከ 4 ሰዓት እደውልልሃለሁ፤ ካልደወልኩ አንተ ቤቴ ድረስ ና።» የሚመጣውም ሰው ለምን ጠጣህ ብሎ አይጠይቅ፤ መጀመሪያ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ይጠይቀው። ብዙ ቀን ተከታትሎ ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይዞት ይሂድ፤ የሚንቀጠቀጡት ቀናት እንደገና ይመጣሉና።